ሁለት ዳሞዳር

በካርዋር ሐኪም ቤት፣ በማድ ቤቱ ጓዳ፣
ሁለት ጥቅል ተለጣፊ ይዤ የምሰናዳ፣
እኔ ነኝ፣ ሼቫንቲ፤ የሳህን ፈራጅ ነኝ።
አረንጓዴው ነጥብ ነፍስ የለበትም ነው፣
ቀዩ ነጥብ ነፍስ አለው፤
ከዚህ ሌላ ቀለም መጋዘን አልሰጠኝ።

አሥራ አራተኛው አልጋ ሽማግሌ መጣ፤
ዳሞዳር ይባላል፤ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጣ።
ክንዱ ላይ ግሉኮስ፣ ደረቱ ላይ ክሩ፤
ቅጹን ስሞላለት እንዲህ ነው ነገሩ፦
«ፍየል?» አልኩ። «ናራያና!»
«ዶሮስ?» «አትስደቢኝ፤ የብራህሚን ልጅ ነኝና።»
«እንቁላል?» «የእናቴ አጽም ይወጋኛል።»
አረንጓዴውን ልጬ ስጠጋ፣ «ቆይ» ይለኛል፤
«ቆይ፤ ባንግዳ ከሌለ ሩዙ መች ይወርዳል?
ዓሣ የባሕር ዱባ ነው፤ ማን ሥጋ ይለዋል?»

ቀይ ለጠፍኩ። ክዳኑን ሳይከፍት መለሰው በቁጣ፦
«ከሥጋ በሎች ጋር ስሜ እንዴት ወጣ?»
አረንጓዴ ለጠፍኩ። ከጎኑ ባለው አልጋ
ጀይን ነጋዴ ተኝቷል፤ እንፋሎቱ ሲጠጋ
ድምፁ ጣሪያ ነካ፦
«ትል ይሞታል ብዬ ሽንኩርት እንኳ የተውኩ፣
ዛሬ ከአረንጓዴ ሳህን ዓይን አየሁ! ከዓይን ጋር ተፋጠጥኩ!»

ነርስ ፊሎሜና የጎዋ ልጅ ናት፤ መስቀሏን ነካ አድርጋ፣
«እኛም በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ዓሣ ነው» አለች፤ «ዓሣ መች ሆነ ሥጋ?»
«ሥጋ አይደለም ብሎ የፈረደው ማን ይሆን?» ብላት፣
«መቼም ጀልባ ያለው ሰው ነው» አለችኝ፣ ሳቅ እያመለጣት።

ወጣቱ ዶክተር፣ ከቤንጋሉሩ የመጣው፣
ጭቅጭቁን ሰምቶ ብዕሩን አወጣው፤
«ስም አለው» አለ፣ «በውጭ አገር፦ ፔስካቴሪያን።»
ሽማግሌው ደነገጠ፤ መነጽሩን አውልቆ አየን ሁላችንን፤
«ዶክተር፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ስንት ወር ቀረኝ?
ለልጄስ ይተላለፍ ይሆን?»

እናቴ ዓሣ ሻጭ ናት፤ ክንዷ ቅርፊት ለብሶ፣
ማን ጾሞ፣ ማን ገድፎ እንደመጣ ጠይቃ አታውቅም ጨርሶ።
«ስንጥቡን ገልጠህ እየው፤ ደሙ አልጠቆረም» ትላለች፤
ክርክሯ በዋጋ ነው፣
በስም ሆኖ አያውቅም።

ማታ ውሃ ይዤ ብገባ ነቅቷል።
«ባለቤትዎስ» አልኩት፣ «ምን ይሉት ነበረ?»
ወደ መስኮቱ ዞረ።
«ሱሺላ ዓሣ ቀምሳ አታውቅም። የወላጆቿ ደንብ ጥብቅ ነበር።
በጓሮ በኩል፣ ከኮኮናቱ ሥር፣
አፉ የተሸረፈ አንድ ድስት ነበራት፤
አፍንጫዋን በሳሪዋ ጫፍ ይዛ፣ አርባ ሁለት ዓመት
ሳትቀምስ ሠራች፤ ጨው ጎድሎ አያውቅም።
ስም? ስምስ አላወጣችም።
ድስቱን ታነሣና፣ ‹ዛሬ ጓሮው ነው?› ትላለች፤
ሰኞ ግን አትጠይቅም፤ ሰኞ እንደማልበላ ታውቃለች።»
ውሃውን ጠጣ። ብርጭቆውን አልመለሰልኝም።
«ምራቴ ቤቱን ስታጸዳ፣ ሰባራ መስሏት ጣለችው።»

በማግሥቱ ቅጹ ላይ፣ «አመጋገብ» በሚለው፣
«ዳሞዳር» ብዬ ጻፍኩ፤ ጥፋቴም ይኸው።
ተቆጣጣሪው «ይህ ዓይነት በደንቡ የለም» ብሎ የሁለት ቀን ደመወዜን ቀጣ፤
ሽማግሌው ሐሙስ ዕለት ድኖ፣ በልጁ ሞተር ኋላ ተፈናጥጦ ወጣ፤
የፌስታል ጫማውን አልጋው ሥር ረስቶ።

አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ወጥ ሠሪው ከእንፋሎቱ ማዶ ይጣራል፤
«ሼቫንቲ! የዛሬው ስንት ነው?» ይለኛል።
«ሃያ አረንጓዴ» እላለሁ፣ «አሥራ አንድ ቀይ፣
ሁለት ዳሞዳር።»
አንዷ ሕፃን ናት፤ ዓሣም እንቁላልም ትበላለች።
ለሷ ስም ገና ነው፤ እስቲ እንይ።